የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች

(በአንድ የሳይንስ ምሽት ላይ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሴ በቀር እንደተነገረ አቅርቤዋለሁ።)

ውድ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ እንደምን አመሻችሁ! ምሽታችሁን ለዚህ ጉዳይ ስለሰጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ እባካችሁ ቅረቡ። የምናወራው ስለ ብርሃን ነውና ይህን ጠረጴዛ ሁላችሁም እንድታዩት እፈልጋለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። እስቲ ሁላችሁም ቀና በሉ። ከራሳችሁ በላይ ምን ይታያችኋል? አዎ፣ አምፖል። ቀደም ብዬ መጥቼ ቆጥሬያቸዋለሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ 32 አምፖሎች አሉ። ሁሉም ከገባን ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራሉ፤ ያበራሉ። እነዚሁ አምፖሎች ብርሃናቸው ሳይጓደል፣ የእናንተም ዓይን ምንም ሳይለይ፣ ፊልሙን፣ ደብዳቤውን፣ የስልክ ጥሪውን ወደ እጃችሁ ማውረድ ይችላሉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ ላይፋይ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ያኔ በስኮትላንድ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሃራልድ ሃስ ነው። ሃስ እ.ኤ.አ. በ2011 መድረክ ላይ ወጥቶ አንድ የጠረጴዛ መብራት አበራ። በመብራቱ ብርሃን በኩል የሚመጣ ቪዲዮም ለተመልካቹ አሳየ። ከዚያ እጁን በመብራቱና በመቀበያው መካከል አስገባ፤ ቪዲዮው ቀጥ አለ። እጁን አነሳ፤ ቪዲዮው ቀጠለ። ያችን የእጅ እንቅስቃሴ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ብርሃን እንዴት አድርጎ መልእክት ይሸከማል? ሁለተኛ፣ ዋይፋይ እያለን ምን አስፈለገን? ሦስተኛ፣ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ በየቤታችን ያልገባው ለምንድን ነው? ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። አንድ የልጅነት ነገር ላጫውታችሁ።

እኔና ታናሽ እህቴ የምንተኛባቸው ክፍሎች ትይዩ ስለነበሩ መስኮት ለመስኮት እንተያይ ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋና አባታችን ለእያንዳንዳችን የእጅ ባትሪ ሰጠን። ሌሊቱን ሙሉ ስንነጋገር አደርን። አንድ ብልጭታ «ነቅተሻል?» ማለት ነበር፤ ሁለት ብልጭታ «አዎ»፤ ሦስት ብልጭታ «ሰው እየመጣ ነው፣ አጥፊ!»። ማብሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ጣት ያደክማል። ስለዚህ ባትሪውን እንዳበራሁ ትቼ መዳፌን መስታወቱ ላይ መጫንና ማንሳት ጀመርኩ። በጣቶቼ መካከል ያልፍ የነበረው ቀይ ብርሃን እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ችግራችን እህቴ ችኩል መሆኗ ነበር። ብልጭታዎቹን ስታከታትላቸው መቁጠር ያቅተኛል፤ ሁለት ይሁን ሦስት ግራ ይገባኛል። በማግስቱ ተቀምጠን ሕግ አወጣን። ያልገባው ሰው ባትሪውን ሳያጠፋ ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ላኪው ያን ሲያይ ከመጀመሪያው ይደግማል። ከብዙ ዓመት በኋላ ምህንድስና ስማር፣ መምህራችን ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚነጋገሩ በሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ብዕሬን አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። ላኪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ የተስማሙበት ኮድ አለ፣ ያልደረሰው ደግሞ «ድገምልኝ» ይላል። እኔና እህቴ በሁለት ባትሪ ሠርተነው ነበር!

ላይፋይ በመሠረቱ የእኔና የእህቴ ባትሪ ነው። ብርሃኑ ሲደምቅ አንድ፣ ሲቀንስ ዜሮ። ልዩነቱ እኛ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ብልጭታ እንልክ ነበር፤ ኤልኢዲ አምፖል ግን በሴኮንድ ብዙ ሚሊዮን ጊዜ መድመቅና መቀነስ ይችላል። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ይህን አይችልም፤ ክሩ ግሎ ነው የሚያበራው፣ ኃይል ብታቋርጡበትም ግለቱ ቶሎ አይለቀውም። ኤልኢዲ ግን ለማብራት መጋል አያስፈልገውም፤ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ብርሃን ይለውጣል። ኤሌክትሪኩ ሲጨምር ወዲያው ይጨምራል፣ ሲቀንስ ወዲያው ይቀንሳል። ዓይናችን ደግሞ በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በላይ የሚለዋወጥን ብርሃን እንደ አንድ የማይናወጥ ብርሃን ነው የሚያየው። ሚሊዮኑን ተዉት። ስለዚህ ክፍሉ እንደ ወትሮው በርቶ ይታያችኋል፤ በብርሃኑ ውስጥ ግን መልእክት እየፈሰሰ ነው።

ይህ ሩቅ የሚመስለው ሰው ካለ ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ አንድ ነገር ይሞክር። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ያንሳ፤ ጫፉን ወደ ስልኩ ካሜራ ያዙርና ቁልፍ ይጫን። በስልኩ መስኮት ላይ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ ብርሃን ይታየዋል። የኋላው ካሜራ ካላሳየው በፊተኛው ይሞክረው። ያ ብርሃን በዓይን አይታይም፤ ኢንፍራሬድ የምንለው፣ ከቀይ በታች ያለው ብርሃን ነው። አብዛኛው ሪሞት በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ገደማ እያርገበገበው ለቴሌቪዥኑ «ድምፅ ጨምር» ይለዋል። እናንተ እኮ በብርሃን ስትልኩ ኖራችኋል!

እንዲያውም ሐሳቡ ከሪሞትም ይቀድማል። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ስልክን መፈልሰፉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1880 ከረዳቱ ከቻርልስ ሰምነር ቴይንተር ጋር ፎቶፎን የተባለ መሣሪያ መሥራቱን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የተናጋሪው ድምፅ አንድ ስስ መስታወት ያንቀጠቅጣል፤ መስታወቱ ላይ ያረፈው የፀሐይ ጨረር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ የተቀመጠ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከሚለዋወጥ ሴሊኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር የተሠራ መቀበያ የጨረሩን መድመቅና መደብዘዝ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ቴይንተር ዋሽንግተን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ቤል 213 ሜትር ያህል ርቆ በቤተ ሙከራው ተቀመጠ። «ሚስተር ቤል፣ የምለውን ከሰሙ ወደ መስኮቱ ይቅረቡና ባርኔጣዎን ያውለብልቡ» አለ ቴይንተር፤ ገመድ የለም፣ በመካከላቸው ያለው ፀሐይ ብቻ ነው። ቤል ባርኔጣውን አውለበለበ።

ደስታውን አስቡት! ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ የፀሐይ ጨረር ሲስቅ፣ ሲያስልና ሲዘፍን ሰማሁ ብሏል። አዲስ የተወለደች ልጁንም «ፎቶፎን» ብሎ ሊሰይማት አስቦ ባለቤቱ ናት ያስተወችው። በስተርጅናውም ከስልክ ይልቅ ትልቁ ፈጠራዬ ፎቶፎን ነው ይል ነበር።

ታዲያ ለምን ተረሳ? ደመና ሲመጣ ንግግሩ ይቋረጣል፤ ሲመሽ ፀሐይ የለችም። ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮ መጣ፤ ሬዲዮን ደመና አያቆመውም፣ ሌሊት አያቆመውም፣ ግድግዳም ብዙ አይከብደውም። ዓለም ወደ ሬዲዮ ዞረ። ቤል የጎደለው አምፖሉ ነበር። በፍጥነት የሚታዘዝ፣ ለቤት የሚሆን ነጭ ብርሃን ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ነጩን ኤልኢዲ ያስቻለው ሰማያዊው ኤልኢዲ ነው፤ እሱን የሠሩት ሦስቱ የጃፓን ተወላጆች ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ነጭ ኤልኢዲ ከመጣ በኋላ ጃፓን ውስጥ በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች «የሚያበራው አምፖል ለምን አይናገርም?» ብለው ተነሡ። የቤል ጥያቄ በአዲስ አምፖል ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥቤ። ዋይፋይ እያለን ብርሃን ምን ያደርግልናል?

በቅድሚያ አንድ ስህተት ላርም፤ ብዙ ቦታ እሰማዋለሁና። «ብርሃን ፈጣን ስለሆነ ላይፋይ ይፈጥናል» ይባላል። ይህ ትክክል አይደለም። የሬዲዮ ሞገድም የሚጓዘው በዚያው በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሩጫቸው እኩል ነው። የሚለያዩት በመንገዳቸው ስፋት ነው። ሬዲዮ የምንለው በሙሉ እስከ 300 ጊጋ ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ እስከ 300 ቢሊዮን ንዝረት ድረስ ነው የሚዘልቀው። በዓይን የሚታየው ብርሃን ግን (አንድ ቴራ ሺህ ጊጋ ነው) ከ400 ቴራ ኸርዝ አካባቢ ተነሥቶ እስከ 790 ቴራ ኸርዝ ገደማ ይደርሳል። ስፋቱን ብታሰሉት የሬዲዮን ሙሉ ስፋት ከሺህ ጊዜ በላይ ያጥፈዋል። በአንድ ጠባብ መንገድና በሺህ መንገዶች መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ መኪኖቹ ግን በእኩል ፍጥነት ይነዳሉ።

ይህን ከያዛችሁልኝ ዘንድ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትን ልናገር። እባካችሁ ልብ በሉ።

ስልካችሁን አውጥታችሁ አንድ ገጽ ስትከፍቱ፣ ያ ገጽ ከወዴት መጣ? ምናልባት ከሌላ አህጉር። በምን መጣ? በብርሃን! ከባሕር ወለል ላይ በተዘረጋ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ክር ውስጥ፣ በብርሃን ብልጭታ። ቻርልስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1966 መስታወቱ በበቂ ከጠራ ብርሃን በውስጡ ሩቅ መንገድ መልእክት ይዞ ሊሄድ እንደሚችል አሳየ፤ በ2009 ኖቤል ተሸለመ። ዛሬ የዓለምን መረጃ ውቅያኖስ የሚያሻግረው ያ ፋይበር የምንለው ክር ነው። እንግዲህ መልእክታችሁ በብርሃን ባሕር ተሻግሮ፣ በብርሃን አገር አቋርጦ፣ በብርሃን ከበራችሁ ደረሰ። ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሣጥን፣ ከራውተሩ ላይ ሲደርስ ግን ብርሃንነቱን አውልቆ ሬዲዮ ይሆንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች በሬዲዮ ይጓዛል። ሺህ ኪሎ ሜትሮች በሰፊው ጎዳና፣ ጥቂት ሜትሮች በጠባቡ በር። የሚጨናነቀው የት ይመስላችኋል?

አንድ ጊዜ ለሥልጠና በተጠራሁበት አዳራሽ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት መቶ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። አዘጋጆቹ ጥሩ የፋይበር መስመር አስገብተዋል፤ ሕንፃው ድረስ የሚመጣው ኢንተርኔት ፈጣን ነው። አሠልጣኟ «ሁላችሁም አሁን መልመጃውን ክፈቱ» አለች። ሁለት መቶ ጣት በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ መስታወት ነካ። የስልኬን አናት አየሁት፤ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ አንድም ቅስት አልጎደለም። ገጹ ግን አይከፈትም። ነጭ ሆኖ አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ስልካቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያዙት፣ ከፍታው የሚረዳ መስሏቸው። ያችን ክብ ሃያ ደቂቃ ያህል ስትሽከረከር አየናት። አሠልጣኟ በመጨረሻ ሁሉንም በሰሌዳ ላይ በእጇ ጻፈችው።

ምን ሆነ? ከብዙዎቻችን ስልክ ጋር አብሮ የኖረው የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ እርስ በርስ የማይረባበሹ መስመሮቹ ሦስት ብቻ ናቸው። ሦስት! ከዚያ በኋላ የ5 እና የ6 ጊጋ ኸርዝ መስመሮች ተጨምረዋል፤ ብዙ ረድተዋልም። ነገር ግን ሬዲዮ ግድግዳ ያልፋል። በእኛ አዳራሽ ያለው ሬዲዮ ከጎን ክፍሉ፣ ከላይ ፎቁ፣ ከታች ፎቁ ሬዲዮ ጋር ይጋፋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን መጠበቅ አለበት። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ሲናገር አስቡት።

አሁን ብርሃንን በዚያ ቦታ አስቀምጡት። ብርሃን ግድግዳ አያልፍም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለቱ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ትልቁ ጸጋው ይህ ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ኢንተርኔት ይኖረዋል። የጎን ክፍሉ መብራት ወደዚህ አይደርስም፤ ስለዚህ ያንኑ መንገድ እዚህም እዚያም ያለ ግጭት መጠቀም ይቻላል። ከዚያም አልፎ በአንድ አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ አምፖል ከሥሩ ያሉትን ስድስት ሰባት ሰዎች ብቻ ሊያገለግል ይችላል። ሠላሳ ሁለት አምፖል አለን ብያችኋለሁ። ሁለት መቶውን ሰው ለሠላሳ ሁለት አካፍሉት! ያን ቀን ከራሳችን በላይ የበሩት መብራቶች ሥራ ፈትተው ሲያዩን እንደነበር ሳስበው እቆጫለሁ።

ግድግዳው ሌላም ነገር ይሰጠናል። ምስጢር። የሬዲዮ ምልክት ከቤታችሁ ወጥቶ መንገድ ላይ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው መሣሪያ ይዞ ሊያዳምጠው ይችላል። ብርሃን መጋረጃው ከተዘጋ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለብኝ፤ ብርሃን በበር ሥር፣ በቁልፍ ቀዳዳ፣ በመስኮት መስታወት ይወጣል። ስለዚህ መልእክትን በኮድ መቆለፍ በላይፋይም አይቀርም። «በፍጹም ሊጠለፍ አይችልም» የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ሬዲዮ የማይወደድባቸው ቦታዎችም አሉ። ስስ የሕክምና መሣሪያ ያለበት ክፍል፣ የአውሮፕላን ውስጥ፣ ተቀጣጣይ ጋዝ የሚገኝበት ፋብሪካ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ባሕር ነው። የጨው ውኃ የሬዲዮን ሞገድ ወዲያው ይውጠዋል፤ ዋይፋይ ባሕር ውስጥ አይሠራም ብትሉ አትሳሳቱም። ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ግን በጠራ ውኃ ውስጥ በአሥሮች ሜትር ዘልቆ ይሄዳል። ባሕር ወለል ላይ የሚሠራ ሮቦት ያየውን ምስል ለመርከቡ ለማቀበል ብርሃን እየተሞከረ ነው።

ከክፍል ወጣ ብዬ ስለ ብርሃን ዘመዶች ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ኪንሻሳና ብራዛቪል በኮንጎ ወንዝ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት ዋና ከተሞች ናቸው። ነገር ግን ወንዙ ጥልቅና ኃይለኛ ስለሆነ በመካከላቸው ፋይበር ለመዘርጋት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መዞር ያስፈልጋል። ያኔ የጎግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት ፕሮጀክት የነበረው ታራ በሁለቱም ዳር አንዳንድ መሣሪያ ተክሎ በማይታይ የብርሃን ጨረር 4.8 ኪሎ ሜትር ርቀቱን አሻገረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ እንዳደረጉት በ20 ቀን ውስጥ 700 ቴራ ባይት ያህል መረጃ አልፎበታል። ገመድ የለም፣ ድልድይ የለም፤ ከወንዙ በላይ የሚያልፍ ጨረር ብቻ።

ሁለተኛው ከዚህም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሳይኪ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ከ31 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና በሌዘር ቪዲዮ ላከች። ቪዲዮው አንዲት ድመት ቀይ የሌዘር ነጥብ ስታሳድድ ያሳያል። ጨረሩ ምድር እስኪደርስ 101 ሴኮንድ ወሰደ፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 267 ሜጋ ቢት ነበር። በአንዳንዶቻችን ቤት ከራውተሩ እስከ መኝታ ቤት ከምናገኘው ይበልጣል። ከጨረቃ ባሻገር የሚመጣ መልእክት እንዲህ ከቻለ፣ ከጣሪያ እስከ ጠረጴዛ ለሁለት ሜትር ምን ከለከለን?

እነሆ ሦስተኛው ነጥቤ። ምን ከለከለን?

አንደኛው ጥላ ነው። ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ስትከቱት ብርሃን አያገኘውም፤ ዋይፋይ ግን ኪስ ውስጥም ይደርሳል። ብርሃን ከግድግዳና ከጠረጴዛ ላይ ነጥሮ ሊደርስ ይችላል፤ ሲነጥር ግን ይዳከማል። ሁለተኛው የመልሱ መንገድ ነው። አምፖሉ ወደ ታች ይናገራል፣ ስልኩስ በምን ይመልሳል? ፊታችሁ ላይ ሁልጊዜ የሚያበራ ስልክ አትፈልጉም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ስልኩ በማይታየው ኢንፍራሬድ እንዲመልስ ማድረግ ነው። ሦስተኛው አምፖሉ ራሱ ነው። ነጩ ኤልኢዲ ሰማያዊ ብርሃን በቢጫ ዱቄት ተሸፍኖ ነው ነጭ የሚሆነው። ያ ዱቄት ቀርፋፋ ነው፤ ሰማያዊው ሲጠፋም እሱ ትንሽ ማብራቱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ብልጭታዎቹ ይደበላለቃሉ። መሐንዲሶች መቀበያው ፊት ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ በማድረግና ሌሎች ዘዴዎችን በመጨመር ይታገሉታል።

አራተኛውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ይመስለኛል። «አምፖል ካለኝ ኢንተርኔት አለኝ» የሚል ሐሳብ ሰዎች ዘንድ አያለሁ። ነፃ የሆነ፣ ከአምፖል የሚፈልቅ ኢንተርኔት። እንዲህ ያለ ነገር የለም። አምፖሉ ራሱ መረጃውን ከአንድ ቦታ ማግኘት አለበት። የዳታ ገመድ እስከ ጣሪያው መውጣት አለበት፣ ወይም መረጃው በኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ ተጭኖ መምጣት አለበት። ቤቶቻችን ሲሠሩ ማንም ይህን አላሰበም፤ ገመዱ ግድግዳው ግርጌ ላይ ቀርቷል። እዚህ የሕንፃ ሥራ የምታጠኑ ወጣቶች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እባካችሁ አስቡበት! ግድግዳው ሳይለሰን፣ ጣሪያው ሳይዘጋ አንድ ባዶ ቱቦ ወደ እያንዳንዱ የመብራት ቦታ ማስገባት ቀላል ነው። ጣሪያው ከተዘጋ በኋላ ግን ማፍረስ ይሆናል። ዛሬ ላይፋይ ባትገጥሙበትም ቱቦው ይጠብቃችኋል።

መንገዱ መከፈት ጀምሯል። ከዚህ በፊት እያንዳንዱ አምራች የራሱን ቋንቋ ይናገር ነበር፤ የአንዱ አምፖል ከሌላው መቀበያ ጋር አይግባባም። እኔና እህቴ ሌላ ጎረቤት ልጅ ባትሪ ይዞ ቢቀላቀለን እንደምንቸገረው ማለት ነው፤ ኮዳችንን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የዋይፋይን ደንብ የሚያወጣው ተቋም፣ አይ ትሪፕል ኢ፣ 802.11ቢቢ የተባለውን ደንብ አወጣ። የሞገድ ርዝመቱ ከ800 እስከ 1,000 ናኖ ሜትር በሆነው በማይታየው ብርሃን፣ በሴኮንድ ከ10 ሜጋ ቢት እስከ 9.6 ጊጋ ቢት ለመላክ የሚያስችል የጋራ ቋንቋ ነው። ከዋይፋይ ቤተሰብ ጋር እንዲስማማ ተደርጎ ስለተጻፈ ስልክ ሠሪዎች ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ አድርገው አያዩትም። ኢንፍራሬድ በመሆኑም «መብራት ስናጠፋ ኢንተርኔት ይጠፋል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆናል፤ ክፍሉ ጨልሞም ይሠራል።

ላይፋይ ዋይፋይን ያጠፋዋል ብዬ አልነግራችሁም። አያጠፋውም። ስልክ ኪስ ውስጥ ሲሆን ሬዲዮ፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብርሃን፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚሠሩበት ቀን ነው የምመኘው። በዚያ የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ከጠበቅን ሰዎች መካከል ግማሾቻችን እንኳ ወደ ብርሃን ብንሻገር ሌሎቹ በሬዲዮው መተንፈስ በቻሉ ነበር።

መምህራን፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ይህን በመጽሐፍ ብቻ አታስተምሩት። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሁሉ ውድ ዕቃ አይደለም። አንድ ኤልኢዲ፣ የተወሰነ ባትሪ፣ ከስልክ የድምፅ መውጫ የሚመጣ ገመድ፣ ከአሮጌ የጓሮ መብራት የተነቀለ ትንሽ የፀሐይ ፓነል፣ አንድ ድምፅ ማጉያ። ከስልኩ የሚወጣው ሙዚቃ የኤልኢዲውን ብርሃን ያርገበግበዋል፤ ፓነሉ ያንን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሰዋል፤ ማጉያው ያሰማዋል። የቤል ፎቶፎን ማለት ነው፤ ሴሊኒየሙ በፓነል፣ ፀሐይዋ በኤልኢዲ ተተካች።

መጀመሪያ ይህን ከተማሪዎቼ ጋር የሠራን ቀን የሆነውን አልረሳውም። ፓነሉን ከማጉያው ጋር እንዳገናኘነው፣ ኤልኢዲውን ገና ሳናበራ፣ ከማጉያው «ምምምም» የሚል ድምፅ ወጣ። ገመድ የተበላሸ መስሎን ነቅለን መልሰን ሰካን። አለ። አንዲት ተማሪ ፓነሉን በደብተሯ ሸፈነችው፤ ድምፁ ጠፋ። ደብተሩን አነሳች፤ ተመለሰ። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። «መብራቱ ነው!» አለች። እውነቷን ነበር። በሴኮንድ 50 ዑደት ባለው ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ መብራቶች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ ይደበዝዛሉ፤ ዓይናችን ያላየውን ፓነሉ ሰማው። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! አንዱ የሪሞት ቁልፍ ፓነሉ ላይ ተጫነ፤ «ትርር፣ ትርር» አለ። ሌላዋ ማበጠሪያዋን አውጥታ በእጅ ባትሪ ብርሃንና በፓነሉ መካከል በፍጥነት አሳለፈችው፤ እያንዳንዱ ጥርስ ብርሃኑን ሲጋርድና ሲለቅ ማጉያው እንደ ዚፕ ተንጫረረ። የዚያን ቀን ክፍለ ጊዜው ማብቃቱን ደወሉ ሲነግረን አንድም ልጅ አልተነሣም።

ስለዚህ ንግግሬን እዚህ ላቁምና ወደ ጠረጴዛው እንሂድ። የአዳራሹን መብራት የምትቆጣጠሩ ወንድሞች፣ እባካችሁ ለጥቂት ደቂቃ አጥፉልኝ፤ የጣሪያው «ምምምም» እንዳይረብሸን። አመሰግናለሁ። አይዟችሁ፣ ልጆች፣ አትፍሩ፤ ዓይናችሁ አሁን ይለምደዋል። ይህች ነጥብ ኤልኢዲዋ ናት። ፓነሉ ከዚህ ወዲህ ነው። በመካከላቸው ምንም ገመድ የለም፤ መጥታችሁ በእጃችሁ ዳብሱት። ስልኩን አሁን አጫውተዋለሁ።

ይሰማል? ከኋላ ይሰማል?

ማን ይቅደም? አንቺ፣ ከእናትሽ ጎን ያለሽው፣ ነይ። እጅሽን ከመብራቷ ፊት አስገቢ። ዝም አለ አይደል? አሁን ቀስ አድርገሽ አንሺው።